የንግግር ሚዛን፤ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ ተነገረው ቃል

አንጥረኛ ያለ ሚዛን ወርቅ አይገዛም፤ ነጋዴም ያለ መስፈሪያ እህል አይቀበልም። ንግግር የሚሰማ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሚዛንም መስፈሪያም ሳይኖረው «ዛሬ እገሌ ጥሩ ተናገረ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምኑ ጥሩ እንደ ነበረ ቢጠየቅ አንዱ የድምፁን ማማር፥ አንዱ የቃሉን ብዛት፥ ሌላውም ሳይንተባተብ መጨረሱን ያነሣል፤ ነገሩን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት የንግግርን ክፍሎች ለይተው ያወጡላቸውን ስሞች ማወቅ ለተናጋሪ ብቻ ሳይሆን በዐውደ ምሕረትም፥ በሸንጎም፥ በችሎትም ለሚሰማ ሁሉ ያስፈልጋል። ስም ያልወጣለት ነገር ለመመዘን አይመችምና።

ነገር ግን ስሞቹ ብቻቸውን ቢቈጠሩ ደረቅ ናቸው። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን አገባቡን አስተምሮ ብቻ አይተወውም፤ አንድ ቅኔ አምጥቶ ከአገባቡ ጋር እያስተያየ ያሳየዋል እንጂ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ መባሉም ስለዚህ ነው። የንግግርንም ስሞች ለመመርመር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉት ንግግር የሚስማማ ምሳሌ ነው። ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ ተመስግኗል፤ መመስገንና መመርመር ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ያመሰገኑት ሁሉ የንጉሡን መከራ አመስግነው እንደ ሆነ ወይም የንግግሩን ሥራ አመስግነው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ስም ጊዜ ነው። የግሪክ ሊቃውንት ጊዜን በሁለት ስም ይጠሩታል፤ በቀንና በዓመት የሚቈጠረውን ክሮኖስ፥ ለአንድ ሥራ የተመቸውን ሰዓት ካይሮስ ይሉታል። ተናጋሪ የሚሻው ሁለተኛውን ነው። ታዲያ በጄኔቭ የነበረው ጊዜ ምን ዓይነት ነበር? ኢጣሊያ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ጦርነት ስትጀምር 50 ያህል መንግሥታት የማኅበሩን ቃል ኪዳን አፍርሳለች ብለው ፈረዱባት፤ ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮም የንግድ ማዕቀብ ተደረገባት። ነገር ግን ለጦሯ ከሁሉ የሚያስፈልጋት ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ የስዊዝም መተላለፊያ አልተዘጋም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን የጠላት ጦር ከተማይቱን ያዘ። ጉባኤው በሰኔ ሲሰበሰብ የእንግሊዝ መንግሥት ማዕቀቡ እንዲነሣ የሚሻ መሆኑን አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። ዳኞቹ ፍርዱን በልባቸው ቈርጠው በመንበራቸው ተቀምጠዋል ማለት ነው። እንግዲህ ለመርታት ለሚሻ ተናጋሪ ከዚህ የከፋ ሰዓት አይገኝም። ንግግሩ መመዘን ያለበትም ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ሊረታ እንደማይችል እያወቀ የሚናገር ሰው ስለ ምን ይናገራል?

አርስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ንግግርን በሦስት ወገን ይከፍለዋል። አንደኛው የፍርድ ንግግር ነው፤ ስላለፈ ሥራ ይከስሳል ወይም ይሟገታል። ሁለተኛው የምክር ንግግር ነው፤ ስለሚመጣው ይመክራል። ሦስተኛው የምስጋናና የነቀፌታ ንግግር ነው፤ በፊት ያለውን ያወድሳል ወይም ይወቅሳል። ለእያንዳንዱም ሰሚ አለው፤ የፊተኛው ሰሚ ዳኛ፥ የሁለተኛው መካሪ፥ የሦስተኛው ተመልካች ነው። ብዙ ተናጋሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ምክር ለማድረግ ተነሥተው ውዳሴ ያወርዳሉ፤ ስብከት ጀምረው ሙግት ይጨርሳሉ፤ ሰሚውም ዳኛ ይሁን ተመልካች ሳያውቅ ይበተናል።

የጄኔቭ ንግግር የሚጀምረው በፍርድ ወገን ነው፤ ተናጋሪው ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍርድ፥ አስቀድሞም የተሰጠውን የርዳታ ተስፋ ለመጠየቅ መምጣታቸውን ያስታውቃሉ። ወደ መጨረሻው ግን ወደ ምክር ይሻገራል፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ሕይወትና ታናናሽ መንግሥታት በውል ላይ ያላቸው እምነት ነው ይላል። ይህ መሻገር ወገንን ማደባለቅ አይደለም። ላለፈው በደል ፍርድ ካልተሰጠ ለሚመጣው ዋስትና አይኖርም የሚል አንድ ሐሳብ ሁለቱን አያይዟቸዋልና።

ያው ፈላስፋ ሰሚን የሚያሳምኑ ሦስት ነገሮች አሉ ይላል፤ ስማቸውም ኤቶስ፥ ፓቶስ፥ ሎጎስ ነው። ኤቶስ በንግግሩ ውስጥ የሚታይ የተናጋሪው ጠባይ ነው፤ ፓቶስ በሰሚው ልብ የሚነሣ ስሜት ነው፤ ሎጎስ የነገሩ ማስረጃ ነው። ይህ የመጨረሻው ስም ለካህናት እንግዳ አይደለም፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጽሐፉ መጀመሪያ የጠራው በግዕዝ ቃል የተባለው ያው ነው። በንግግር ጥበብ ግን ከዚያ ወርዶ በምክንያትና በማስረጃ የቆመ ነገር ማለት ይሆናል።

በጠባይ ወገን ተናጋሪው የያዙት ነገር ኀይልም ድካምም ነበረበት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ፥ ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሞተዋል። እነዚህን የሚያስታውስ ሕዝብ ንጉሥ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አዳራሽ መቆሙን በቀላሉ አይቀበለውም፤ ስደቱን የተቃወሙ ሰዎችም ነበሩ። ንግግሩ ይህን ድካም በሰፊ ማመካኛ ለመሸፈን አይሞክርም። በሕዝባቸው ላይ የተሠራውን በደል በራሳቸው አፍ ለመመስከር መምጣታቸውን፥ የአንድ አገር መሪ ራሱ በዚያ ጉባኤ ሲናገርም ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ብቻ ያመለክታል። በሜዳ የሞተ ንጉሥ ክብሩን ያተርፋል፤ ምስክርነት ግን ሕያው አፍ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያን መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደዚህ ማኅበር ያስገቡት፥ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት እኒሁ ተናጋሪ ናቸው። በማኅበሩ ያመነ ሰው ማኅበሩን ሲጠይቅ ጥያቄው ከጠላት ጥያቄ ይልቅ ይከብዳል።

በስሜት ወገን ንግግሩ ለማንኛውም ተናጋሪ ትምህርት የሚሆን ሥራ ሠርቷል። ስለ መርዝ ጋዝ በሚናገርበት ክፍል ልቅሶ የለም፤ ጠላትን በስድብ ማዋረድም የለም። ያለው የነገሩ ተራ ነው። በመጀመሪያ የሚያስለቅስ ጋዝ በቦምብ ተጣለ፤ ወታደሩ መበተንን ተማረ። ቀጥሎ መርዝ የያዘ በርሜል ተጣለ፤ እርሱም እንደ ታሰበው አልሆነም። ከጥር 1928 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ግን በአውሮፕላን ላይ መርጫ ተገጠመ፤ 9፥ 15፥ 18 አውሮፕላኖች እየተከታተሉ እንደ ጉም የረቀቀ መርዝ በሠራዊቱ፥ በሴቱና በሕፃኑ፥ በከብቱ፥ በወንዙና በግጦሹ ላይ አዘነቡ። ቍጥሩ ሲነገር ድምፅ ከፍ ማለት አያስፈልገውም። ሰሚው አውሮፕላኖቹን ራሱ ይቈጥራል፥ ራሱም ይደነግጣል። ደካማ ተናጋሪ ስሜትን በቅጽል ብዛት ያነሣል፤ ብርቱ ተናጋሪ ግን የሆነውን በተራ በመንገር ያነሣል።

ይህ ክፍል ስሜት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃም ነው። መርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለው ስምምነት በ1917 ዓ.ም. የተፈረመው በዚያችው በጄኔቭ ሲሆን ኢጣሊያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። በሰላሙም ወገን በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ፈርማ ነበር። በመርዙ ነገር ክርክሩ ብዙ ዘመን ቈየ፤ በ1988 ዓ.ም. ግን የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በዚያ ጦርነት መርዝ መጣሉን አመነ። በጄኔቭ የተሰጠው ምስክርነት በከሳሹ ቃል ተነግሮ ከ60 ዓመት በኋላ በተከሳሹ ቃል ጸና ማለት ነው። ሎጎስ የሚባለው ይህ ነው፤ ተናጋሪው ካለፈ በኋላም ሳይፈርስ የሚቆም ነገር።

እስከዚህ ድረስ የግሪክ ስሞች በቅተዋል። ነገር ግን የንግግሩን አጥንት ለማየት የአገር ቤት ሙግት ስሞች ይበልጥ ያገለግላሉ። በዛፍ ጥላ ሥር በሚደረግ ችሎት ከሳሽ አለ፥ ተከሳሽ አለ፥ ምስክር አለ፥ ዳኛ አለ፤ ከሁሉም ጋር ዋስ አለ። ዋስ የሚሆን ሰው ሌላው ቃሉን ቢያጥፍ ዕዳው በራሱ ላይ እንዲመጣ አስቀድሞ የተስማማ ነው። ስለዚህ ባለ ዕዳው ሲጠፋ ዋሱ ይጠራል፤ ዋሱም «እኔ ተመልካች ነኝ» ማለት አይችልም።

የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በ10ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ አባል የሌላውን የግዛት ወሰንና ነጻነት ለመጠበቅ፥ በ16ኛውም በአንዱ ላይ የተነሣውን ጦርነት በሁሉም ላይ እንደ ተነሣ ለመቍጠር ያስገድዳል። ይህ በአማርኛ በአንድ ቃል ሲነገር ዋስትና ነው። በጄኔቭ የተሰበሰቡት መልእክተኞች ዳኞች ሆነው በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ለመፍረድ የተቀመጡ መስሏቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ተመልካቾች ብቻ ለመሆን ይሹ ነበር። ንግግሩ ግን ቀስ በቀስ ከመንበራቸው አንሥቶ በዋስ ስፍራ ያቆማቸዋል። ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፥ የጦር መሣሪያው የሞላ መንግሥት 12 ሚሊዮን የሆነ መሣሪያ የሌለው ሕዝብ ላይ ሲነሣ፥ ደካማው የያዘው የነገሩን እውነትና የእናንተን ተስፋ ነው ሲላቸው ዋስ እየጠራ ነው። የዚህ ንግግር ዋና ጥበብም ይህ ነው፤ ሰሚው መቀመጥ በፈለገበት ስፍራ ሳይሆን በእውነት በሚገባው ስፍራ እንዲቆም ማድረግ። የግሪክ ሊቅ ሰሚን ዳኛ፥ መካሪ፥ ተመልካች ብሎ ለይቷል፤ የጄኔቭ ንግግር አራተኛ ስም ጨመረበት፥ እርሱም ባለ ዕዳ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም አቀራረብ ነው፤ ይኸውም ቃሉን በድምፅና በአካል ማድረስ ነው። የአቴናው ዴሞስቴኒስ በንግግር ጥበብ አንደኛው ነገር ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ አቀራረብ አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ቢጠየቅ ያንኑ መለሰ ተብሎ ይነገርለታል። ብዙ ሰው አቀራረብ ሲባል የድምፅ ከፍታና የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ይመስለዋል። በጄኔቭ የሆነው ግን ሌላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለመናገር ሲቆሙ በላይኛው ሰገነት የነበሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩት፤ የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኮ ተቈጥተው እነዚህ ሰዎች ወደ ውጭ እንዲጣሉ ጮኹ ይባላል። ፖሊሶች ጋዜጠኞቹን እስኪያወጡ ድረስ ተናጋሪው ዝም ብለው ቆሙ። መልስ አልሰጡም፥ አልተቀመጡም፥ ድምፃቸውንም ከፉጨቱ ጋር አላወዳደሩም።

ይህ ዝምታ የንግግሩ ክፍል እንጂ ከንግግሩ በፊት የሆነ አደጋ ብቻ አይደለም። በዜማ ምልክቶች መካከል ቍርጥ እንዳለ ሁሉ፥ ዝም የሚባልበትንም ስፍራ ማወቅ የዜማው ዕውቀት ነው። በዚያ ሰዓት ጉባኤው አንድ ቃል ሳይነገረው ጠበኛው ማን፥ በደል የደረሰበትም ማን እንደ ሆነ በዓይኑ አየ። ኤቶስ የተባለው ጠባይ በብዙ ገጽ ከሚገለጥ ይልቅ በዚያ ዝምታ ተገለጠ።

ከአቀራረብ ጋር የቋንቋ ነገር ይነሣል። ተናጋሪው ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። የሰሚን ጆሮ መከተል የንግግር ሕግ ነው ለሚል ሰው ይህ ጥፋት ሊመስል ይችላል፤ በእውነትም የአማርኛውን ቃል ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው፥ የቀሩት ፍሬ ነገሩን በትርጓሜ አገኙት። ነገር ግን ነጻነቱ ተወሰደ የተባለ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ሲናገር መስማት ራሱ ማስረጃ ነበር። በሌላ ሰው ቋንቋ የሚለምን ለማኝ ይመስላል፤ በቋንቋው የሚሟገት ግን ባለ መብት ሆኖ ይታያል። ትርጓሜ ያጠፋውን ጣዕም ይህ ክብር ተክቶታል።

ምስጋናው እንዲህ ከሆነ ነቀፌታውም ሊቀር አይገባም። የሮማ ሊቃውንት የተናጋሪን ሥራ በአምስት ይቈጥሩታል፤ ነገርን መፈለግ፥ በተራ ማደራጀት፥ በቃል ማስጌጥ፥ በልብ መያዝና ማቅረብ። የጄኔቭ ንግግር የሚደክመው በሁለተኛው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ከተነሣው ግጭት ጀምሮ የተደረገው የውል፥ የደብዳቤና የሽምግልና ታሪክ በመካከሉ ይረዝማል። ለመዝገብ ቢያስፈልግም ለጆሮ ይከብዳል። ስለ መርዙ የተነገረው አስደንጋጭ ቃል በመጀመሪያ መጥቶ የረዘመው ታሪክ ስለሚከተለው፥ የተቀጣጠለው ልብ በመካከል ይቀዘቅዛል። አንድ መምህር የዚህን ንግግር ጽሕፈት ለደቀ መዛሙርቱ ቢያቀርብ፥ ታሪኩን አሳጥሮ ምስክርነቱን ከመጨረሻው ጥያቄ አጠገብ ማድረግ ይሻል ነበር ቢል አይነቀፍም። ይህን ጕድለት አይቶ ዝም ማለት ንግግሩን ማክበር አይደለም፤ ከጥበብ ሥራ አውጥቶ ቅርስ ብቻ አድርጎ ማስቀመጥ ነው እንጂ።

መደምደሚያው ግን ያን ጕድለት ይክሰዋል። ብዙ ተናጋሪ ንግግሩን በምርቃት ወይም በምስጋና ይፈጽማል፤ ሰሚውም አጨብጭቦ ዕዳ ሳይኖርበት ይሄዳል። የጄኔቭ ንግግር የሚፈጸመው በጥያቄ ነው፤ መንግሥታቱ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ፥ ተናጋሪውም ለሕዝባቸው የሚያደርሱት መልስ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። እንደ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት የሚያልቅ አጭር ነገር ነው፥ ሙሉ ግን ነው። ጥያቄው ያለ መልስ ስለ ቀረ ንግግሩ አላለቀም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ያለው ጉባኤው ሆነ።

እዚህ ላይ የመጨረሻው ስም ይመጣል፤ እርሱም ፍሬ ነው። ንግግር በምን ፍሬ ይመዘናል? በጭብጨባ እንዳይባል፥ አፈ ወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ ሲሰብክ የሚያጨበጭቡለትን ሰዎች ይገሥጽ ነበር፤ ቃሉ በሥራ ካልተገለጠ ጭብጨባው ለሰባኪው ኪሳራ መሆኑን ያውቅ ነበርና። በፉጨት እንዳይባል፥ የጄኔቭ ፉጨት የፉጨቱን ባለቤቶች አሳፈረ እንጂ ቃሉን አላቀለለውም። በዕለቱ ፍርድ ይመዘን ከተባለ ደግሞ ንግግሩ ተረትቷል፤ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀቡ ተነሣ፥ ኢትዮጵያም የጠየቀችው የገንዘብ ርዳታ አልተፈቀደም።

ነገር ግን ማዕቀቡን ያነሣው ማኅበር በ1938 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በመካከሉም በዋስትና የታመኑ ሌሎች አገሮች በተራቸው ተወረሩ። እኒያው ተናጋሪ ከ27 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው ዳግመኛ በአማርኛ ሲናገሩ የጄኔቭን ቀን አስታወሱ፤ ሲናገሩም ያቋረጣቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ዋስ ሆኖ የተጠራው ሰሚ ዕዳውን አልከፈለም፤ ዕዳ መሆኑን ግን ሊክድ አልቻለም። እንግዲህ ከላይ የተጠየቀው ጥያቄ መልሱን አገኘ። ሊረታ እንደማይችል እያወቀ የሚናገር ሰው የሚናገረው፥ የተረታው ማን እንደ ሆነ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያውቅ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ በዐውደ ምሕረትም ሆነ በአደባባይ ንግግር የሚሰማ ሰው «ጥሩ ተናገረ» ከማለቱ በፊት ጥቂት ቢጠይቅ መልካም ነው። ጊዜውን ዐውቋልን? ጠባዩ ከቃሉ ጋር ይስማማልን? ማስረጃው ነገ ይቆማልን? ዝም ማለት በሚገባው ስፍራ ዝም ብሏልን? ከሁሉም በላይ ሰሚውን በምን ስፍራ አቆመው፥ ተመልካች አድርጎ አሰናበተው ወይስ ባለ ዕዳ አድርጎ ሰደደው? ይህን የሚጠይቅ ሰሚ ሲበዛ፥ ጥሩ ተናጋሪም ይበዛል።